የጦይባ ጣት

በ2091 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቦርከና ወንዝ ዳር ባለው በወይዘሮ ደብሪቱ ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ዳኛ አያ ይመር፣ የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ገበየሁ፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛዋ ጦይባ፣ የጦይባ ታናሽ ወንድም አናጢው እንድሪስ፣ አምስተኛዋ ራሳቸው ወይዘሮ ደብሪቱ። ወይዘሮ ደብሪቱ ጎህ ሲቀድ ሞተዋል።

ገበየሁ የሟቿ ልጅ ነው። ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። የሰፈሩን ሞት ሁሉ ለዓመታት ሲናገር የኖረው በዚያ ጥሩምባ ነው፤ የእናቱን ሞት ግን እንዳይናገር ገና አሁን ተነግሮታል።

«አንዴ ብቻ ልንፋው» አለ። «በቀስታ።»

«ጥሩምባ በቀስታ ይነፋል እንዴ የኔ ልጅ?» አሉ አያ ይመር። «ቀበሌ ከሰማ ድርጅቱ ሰማ ማለት ነው። ድርጅቱ ከሰማ ዘጠና ዘጠኝ ሆንን።»

ገበየሁ ጥሩምባውን ከአልጋው ሥር አስገባው።

በቦርከና ዳር የሚኖሩት እነዚህ ቤተሰቦች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ከአንድ ቅድመ አያት የወረዱ ናቸው። ከቅድመ አያታቸው ርስት አልወረሱም፤ በሽታ ወረሱ። በጡንቻቸው ውስጥ ተያይዘው መኖር የሚገባቸው ሁለት ፕሮቲኖች አሉ፤ በእነሱ ሰውነት ውስጥ ግን አይያያዙም። ሳይያያዙ ሲቀሩ መጀመሪያ እጅ ይዝላል፣ ቀጥሎ ጉሮሮ፣ ቀጥሎ ትንፋሽ። የመድኃኒት ድርጅቱ የሚቀምመው ደቃቅ ነገር በሁለቱ መካከል ካለው ስንጥቅ ገብቶ አያይዞ ያቆያቸዋል። በድርጅቱ ዘንድ ስሙ ረጅም ቁጥር ነው። ሰፈሩ ግን «አስታራቂ» ይለዋል፤ ሁለቱን ፕሮቲኖች ደግሞ «ባልና ሚስቱ» ይላቸዋል። ጠዋት ሰው ሲገናኝ «ባልና ሚስቱ እንዴት አደሩ?» ይባባላል። «ተኮራርፈው» የሚል ሰው ካለ ያ ሰው እጁ ዝሏል።

አስታራቂው ለአንድ ሰው አይቀመምም፤ ለማኅበር ነው የሚቀመመው። ማኅበሩ ከመቶ ሰው ካነሰ ቅመሙ የሚሠራበት ማብሰያ ይጠፋል። ይህ ደንብ ሲወጣ ጦይባ ሕፃን ነበረች፤ ያን ጊዜ ሰው አደባባይ ወጥቶ ጮኾ ነበር አሉ። አሁን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ተቆጥሯል። ሽማግሌ ተልኮ ልጃገረድ ስትጠየቅ እንኳ መጀመሪያ የሚነሣው «ልጁ የየትኛው ቅመም ነው?» የሚለው ነው።

በየቤቱ ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሳጥን አለ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይጮኻል፣ ጠብታ ደም ይወስዳል፣ ባልና ሚስቱን ያያል። ተያይዘው ካገኛቸው አረንጓዴ ያበራል፤ ተለያይተው ከሆነ ቀይ። ከዚያ የዕለቱን የአስታራቂ ፍሬ ይጥላል። ፍሬዋ እስከ ማታ ካልተዋጠች ትቀልጣለች፤ ስለዚህ ላስቀምጣት የሚል የለም። ሳጥኑ የደሙን ባለቤት አይጠይቅም። ድሮ ይጠይቅ ነበር። የሰው ደም ከነስሙ ተከማችቶ ተሸጠ ተብሎ አገር ከታመሰ በኋላ፣ ደም ስም እንዳይኖረው ሕግ ወጣ። ለዚያ ሕግ ሁሉም አጨብጭቦ ነበር።

የወይዘሮ ደብሪቱ ሳጥን ጮኸ።

«እንደምን አደሩ። ጣትዎን ያቅርቡ» አለ። ድምፁ የሴት ነው፤ ለማንም ቢሆን አንቱ ይላል።

ገበየሁ ብድግ ሲል አያ ይመር ክንዱን ያዙት። «አንተማ ትናንት ቀይ ነበርክ።»

«የእኔዎቹም የታረቁት ከትናንት ወዲያ ነው» አለ እንድሪስ። «ገና አላምናቸውም።»

ሁሉም ጦይባን አዩ። የጦይባ ባልና ሚስት ተጣልተው አያውቁም። በዘሩ ሁሉ አስታራቂው እንደ እሷ የያዘለት ሰው የለም። እጇ ላይ የወፍጮ ዱቄት ነበረ፤ በቀሚሷ ጠረገችና ጣቷን አኖረች። ሳጥኑ ትንሽ ቆየ፤ አረንጓዴ አበራ፤ ፍሬዋን ጣለ።

«ደህና ነዎት» አለ። «መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ከሳጥኑ ሥር በነጠላ ተሸፍነው ተጋድመዋል። ገበየሁ አፉን በመዳፉ አፍኖ አለቀሰ።

«ቅሬ ማለት ለሞተ ሰው መቆም ነው» አሉ አያ ይመር። «ይኸው ቆምንላቸው።»

አራት ሰዓት ላይ ቀበሯቸው። ሰዉ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ፤ ለሚጠይቅ ሰው «ድንች ልንተክል ነው» ይባላል ተባለ። ቄሱ የእርሻ ልብስ ለብሰው መጥተው ፍትሐቱን በሹክሹክታ አደረሱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ነክሰው ቆሙ። ከመቃብሩ ላይ የምር ድንች ተተከለ። በኋላ በቀለ፤ የቆፈረው ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። በቀጣዩ ክረምት ጉንፋን ገባ፤ ትንፋሻቸው የላላ ሰዎችን ጠራርጎ ወሰደ። ድንኳን መጣል ቀረ፣ ለቅሶ ቤት መቀመጥ ቀረ። ሰው ግን ለወገኑ ሳይደርስ ማደር አይሆንለትም። ስለዚህ አንድ በአንድ ሐዘንተኛው ደጃፍ ሄዶ «ወንፊት ልዋስ ብዬ ነው» ማለት ተለመደ። ሐዘንተኛው «ወንፊታችን ተቀዷል» ይላል። «ይተካላችሁ» ብሎ እንግዳው ትንሽ ይቆምና ይሄዳል። አንድ ደጅ ላይ ወንፊት ፈላጊ ከበዛ ጦይባ ማንም ሳይነግራት የማግስቱን መንገዷን ታስተካክላለች።

ሳጥኖቹ ጣት እስኪቀርብላቸው እስከ ሦስት ሰዓት ይታገሣሉ። ጦይባ ከራሷ ቤት ትጀምርና በወንዙ ዳር ወደ ታች ትወርዳለች። ሙቀቱ ስለሚብስ ወፍጮ ቤቱ የሚሠራው እስከ አራት ሰዓት ነው፤ ባለቤቱ መዘግየቷን ያውቃል፣ ምክንያቱንም ያውቃል፣ አይናገራትም። በአንዱ ሟች ቤት ዶሮዎች ሰፍረዋል። በሌላው አልጋው ተወስዶ ግድግዳው ላይ ሳጥኑ ብቻ ቀርቷል። በሁሉም ቤት ያ ድምፅ «እንደምን አደሩ» ይላታል፤ በሁሉም ቤት «ደህና ነዎት» ይላታል። እሷም ከልማድ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። የጣቶቿ ጫፍ እንደ ክራር መቺ ጣት ጠጠረ። በየቤቱ የሚወድቀውን ፍሬ ወደ ወንዙ ትጥለዋለች።

በመጀመሪያ ለሞቱት ብቻ ነበር የምትቆመው። ከዚያ በሕይወት ያሉትም ይጠሯት ጀመር። ሦስት ቀን በተከታታይ ቀይ ያበራ ሰው ደሴ ተወስዶ በክትትል ይተኛል፤ ካልተሻለው ከማኅበሩ ይወጣል። ደሴ ከተወሰዱት የተመለሰ እስከ አሁን አልታየም። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ያኮረፉበት ሰው በበሩ ብቅ ብሎ «ጦይቤ፣ እባክሽ የዛሬን» ይላታል። እሷ ጣቷን ትሰጣለች፤ ሰውየው ፍሬዋን ይውጣል። የዛሬ የተባለው የነገም ይሆናል።

እንድሪስ እሺ ለማለት ከሁሉም ዘገየ። ያሳደገችው ጦይባ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር። አናጢ ነው፤ በርና መስኮት፣ የመጥረቢያና የዶማ ዛቢያ ይሠራል። አንድ ቀን መዶሻው ከእጁ አምልጦ እግሩ ላይ ወደቀ። ጦይባ ደሙን ስታጥብለት ይስቅ ነበር።

«ምን ያስቅሃል?»

«መዶሻው እኮ ነው እታለም። ሃያ ዓመት ምስማር ሲመታ ኖሮ ዛሬ ባለቤቱን ቀመሰ።»

«ዛሬ ጠዋት ምን አበራህ?»

እግሩን ከእጇ ሊያስለቅቅ ሞከረ።

«እንድሪስ።»

«ቀይ» አለ። «ትናንትም።»

«ነገ ሦስተኛህ ነው።» ጨርቁን አጥብቃ አሰረችለት። «ነገ እኔ አለሁ። አንተ ፍሬዋን ዋጥ፤ ጣቱን ለእኔ ተወው።»

«ወላሂ እምቢ። የሞተውም ያለውም አንቺ ላይ ተንጠልጥሏል። የአንቺ ደም ምንጭ ነው እንዴ?»

«ደሴ ይሻልሃል?»

እንድሪስ ያሰረችለትን ጨርቅ አየ። «አይ» አለ። «ደሴ ብርድ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንድሪስ ሳጥን የእንድሪስን ደም አላየም።

በ2093 ዓ.ም. ጥር ላይ ናርዶስ የምትባል የድርጅቱ ባለሙያ መጣች። ሾፌር የሌላት መኪናዋ ከዋርካው ጥላ ሥር ሄዳ ቆመች። ናርዶስ ሠላሳ ያልሞላት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሽማግሌ ስታይ ከወገቧ ጎንበስ የምትል ናት። የተሰበሰበውን ሰው ተመለከተች።

«ሌሎቹስ?»

«ሥራ ላይ ናቸው ልጄ» አሉ አያ ይመር። «በዚህ ሙቀት በጠዋት ያልሠራ መች ይሠራል?»

መቁጠር የሳጥኑ ሥራ ስለሆነ ናርዶስ አልቆጠረችም። «የምሥራች!» አለች።

«ምሥር ብይ!» አሉ አያ ይመር።

«ከማኅበራት ሁሉ የእናንተ አንደኛ ወጥቷል። ቀይ የሚባል ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ቀማሚው በሁለት ዓመት ውስጥ ከደማችሁ ብዙ ተምሯል።» ቀማሚው ድርጅቱ ቅመሙን የሚያስነድፈው ማሽን ነው፤ ናርዶስ ስታነሣው እንደ አለቃዋ በአክብሮት ነበር። «እስከ ዛሬ የምትወስዱት ለሁሉም ይሁን ተብሎ ልል ሆኖ የተሠራ ነው። አሁን የስንጥቁን ቅርጽ በደንብ ስላወቀው ልክክ የሚል ሠርቶላችኋል። ከየካቲት ጀምሮ የሚወርድላችሁ አዲሱ ነው።»

አንዲት ሴት እልል አለች። በዚያ ሰፈር ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበርና ሌሎቹ ደንግጠው አዩዋት፤ ከዚያ ሁሉም እልል አሉ። አያ ይመር መረቁ። ገበየሁ የናርዶስን እጅ ይዞ አልለቅም አለ።

ጦይባ ከኋላ ቆማ ነበር። «እኅቴ» አለች እልልታው ሲበርድ። «የስንጥቁ ቅርጽ ከሰው ሰው አይለይም?»

«ይለያል እንጂ። እሱ ነው የሚገርመው» አለች ናርዶስ፣ በጥያቄው ደስ ብሏት። «የእናንተ አብዛኛው ቁርጥ አንድ ዓይነት ነው። የአንድ እናት ልጆች እንኳ እንዲህ አይመሳሰሉም።»

ጦይባ እጇን ከነጠላዋ ሥር አስገባች።

የካቲት ላይ አዲሱ ፍሬ ወረደ። ከበፊቱ ያነሰ፣ ነጣ ያለ ነው። በሳምንቱ ጦይባ የኩንታል ጆንያ ብቻዋን አንሥታ ሚዛን ላይ አስቀመጠች፤ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ዞሮ አያት። ሌሊት እንቅልፏ የልጅ ሆነ። ደረጃ ስትወጣ ልቧ አይደልቅም። በዕድሜዋ እንዲህ ሆና አታውቅም፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

በዚያው ሳምንት እንድሪስ ውሃ ሲጠጣ ትን አለው። በቀጣዩ ሳምንት የሙጫ ቆርቆሮ መክፈት አቃተው። የአያ ይመር ሚስት በእጇ የያዘችው ሳህን ወደቀ። አንዳንዱን፣ ለምሳሌ ገበየሁን፣ አዲሱ አስታራቂ በግማሽ ያዘው፤ ጠዋት ደህና ሆኖ ይነሣና ከሰዓት በኋላ ይዝላል። ብዙዎቹን ጨርሶ አልያዛቸውም። ሳጥኖቹ በሙሉ ግን አረንጓዴ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ጦይባን ነው የሚጠራው።

አያ ይመር ቤት ሄደች። ሽማግሌው መደብ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ለመያዝ ይታገላሉ።

«አያ፣ የለካው እኔን ነው» አለቻቸው።

«ማን?»

«ቀማሚው። የመቶ ሰው ደም ሲያይ የእኔን ነው ያየው። ብዙኃኑ እኔ ነኝ ብሎ ለእኔ ሠራልኝ።»

አያ ይመር መቁጠሪያውን ጭናቸው ላይ ለቀቁት። «ስንት ቤት ነው የምትቆሚው?»

«ያልቆምኩበትን ቤት ብጠየቅ ይቀላል።»

«መልካም መስሎን ነው» አሉ። «ሰው ለሰው ካልቆመ ምን ሊሆን ነው ብለን ነው።»

«ለዚያች ለድርጅቱ ልጅ ልንገራት።»

«ንገሪ። ቅሬው አይከለክልሽም፤ የሚከለክል ጉልበት የቀረው ሰው የለም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ግን ራስሽን በጸጸት አትብዪ። ያኔ ጣትሽን ብትነሺን ያኔውኑ እናልቅ ነበር። ስለሰጠሽን ዛሬ እናልቃለን። ልዩነቱ ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ትንሽ አይደለም፤ የልጅ ልጄን ድሬበታለሁ።»

ናርዶስ በመጋቢት ተመልሳ መጣች፤ ስለ ማኅበሩ ውጤት የሰዎቹን ቃል ልትቀርጽ ነበር። ጦይባ መንገድ ላይ ጠብቃ መኪናዋን በእጇ አስቆመቻት። ናርዶስ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ጦይባ ከወይዘሮ ደብሪቱ ጀምራ ሁሉንም ነገረቻት። ስትጨርስ የናርዶስ ፊት አመድ መስሏል።

«በሕይወት ያላችሁት ስንት ናችሁ?»

«ሃምሳ አንሞላም።»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ለአንቺ ነው የነገርኩሽ። ጻፊው።»

«ብጽፈው ነገ ጠዋት አንድም ሳጥን አይከፈትም። ከመቶ በታች ናችሁ።»

«የቀድሞውን መልሱልን እንግዲያ። ልል የነበረውን።»

«ማብሰያው ተለውጧል። የቀድሞው ይመለስልን የሚል ማኅበር አባላቱ በሙሉ ሐኪም ፊት ቀርበው ይመረመራሉ። መቶ ሰው ከየት ታመጣላችሁ?»

«ሁላችንም ከነገ ጀምሮ የየራሳችንን ጣት ብንሰጥስ? ያ ማሽን አይማርም?»

«ይማራል» አለች ናርዶስ። «ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ምናልባት ዓመት። ቀይ በቀይ ትሆናላችሁ። ሦስት ቀን ቀይ ያበራ ደግሞ ይወጣል። እሱ ሳይማር እናንተ ታልቃላችሁ።»

ጦይባ የመኪናዋን በር ይዛ ቆመች። አዲሱን ጉልበቷን ሳታስብ በሩን ወደ ራሷ ስባው ነበርና ብረቱ ሲጥ አለ። ለቀቀችው።

«ወንድሜ ነው» አለች። «ጉሮሮው እየተዘጋ ነው። ለእሱ ብቻ እንኳ መላ የለም?»

«ለአንድ ሰው አይቀመምም፣ እትዬ። ያውቁታል።» ናርዶስ ዓይኗን ጠረገች። «እኔም የነገሩኝን አልሰማሁም። የምችለው መልካም ነገር ይኸው ብቻ ነው።»

መኪናዋ በራሷ ተነሥታ ወደ ዋርካው ሄደች። በዚያ ቀን ለቀረጻው የተናገሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱም አስታራቂው በግማሽ የያዛቸው ነበሩ፤ ጠዋት ስለነበረ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

ጦይባ ወደ ቤት ስትመለስ እንድሪስ ደጁ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ድምፁ ያን ጊዜ ከአጠገቡ ላልተቀመጠ ሰው አይሰማም ነበር። አጠገቡ ተቀምጣ የናርዶስን ቃል ነገረችው። እግሩ አጠገብ የተወውን ያልተጨረሰ የመጥረቢያ ዛቢያ በእግሩ ነካ አደረገው።

«ሽብልቅ» አለ።

«ምን?»

«ዛቢያው እንዳይነቃነቅ የምንሸጉጠው ሽብልቅ። ለስላሳ እንጨት ከሆነ ለማንኛውም ዛቢያ ይሆናል። ትንሽ ይወዛወዛል፣ ግን ይሠራል። ለአንዱ ልክ ተብሎ የተቀጠቀጠ ብረት ሲሆን...» ትንፋሽ አጠረውና ቆመ። «ለሌላው አይገባም። ገብቶም ከሆነ ይሰነጥቀዋል።»

«አትናገር፣ ይደክምሃል።»

«አስታራቂው እኮ ነው እታለም፤ ሊያስታርቅ መጥቶ አንቺን ሲያይ ጊዜ ጠልፎሽ ሄደ።» ሊስቅ ሞከረና ሳል ያዘው። ደረቱን ይዛ እስኪበርድለት ጠበቀች።

«ከነገ ጀምሮ ጣቴን አልሰጥም» አለች። «ቀይ ይብራ። ደሴ ይውሰዱህ፣ ሐኪም ይይህ። እዚህ ቁጭ ብዬ ስትታነቅ አላይም።»

«ደሴ ሐኪም የለም፤ መኝታ ነው ያለው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

እንድሪስ ወደ ወንዙ በኩል አየ። ገበየሁ ከሩቅ በጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ይመጣል፤ ጠዋት ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይራመዳል።

«እሱን አየሽው?» አለ። «ልጆች አሉት። እንደ እሱ በግማሽ የተያዙ ጥቂት አይደሉም። አንቺ ጣትሽን ከነሳሽ ለእኔ የሚተርፍ የለም፤ እነሱ ግን ግማሹም ይቀርባቸዋል።»

«እኔ ያሳደግኩት እነሱን አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለ እንድሪስ። «ለዚህ ነው የምነግርሽ።»

ጦይባ በማግስቱ ጠዋት በራሷ ሳጥን ፊት ቆማ ሳጥኑ ሁለት ጊዜ «ጣትዎን ያቅርቡ» እስኪላት ጠበቀች። ከዚያ ሰጠች። ወደ እንድሪስ ሳጥን ሄደችና ሰጠች። ወጥታ በወንዙ ዳር ወደ ታች ወረደች። ገበየሁ ደጁ ላይ ልጁን አዝሎ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሲያያት ፊቱን መለሰ፤ ለመነጋገር ያፈረ ይመስላል። እጇን ዘርግታ አልፋው ገባች።

ያን ሚያዝያ በሙሉ እንድሪስን አጥሚት በማንኪያ ስታጎርሰው ከረመች። አንድ ማንኪያ ለመዋጥ ወፍጮ ቤት አንድ ቁና ከሚፈጭበት ጊዜ በላይ ይወስድበታል። መናገር ሲያቅተው በጣቱ ምልክት ይሰጣት ጀመር፤ ጣቱም ሲዝል በዓይኑ። ሲያቃስት አንገቱን ቀና አድርጋ ትይዘዋለች፤ እጇ አይዝልም፤ ሌሊቱን ሙሉ ብትይዘው እንኳ አይዝልም። ፍሬዋን በየቀኑ ቀጥቅጣ በውሃ ትሰጠው ነበር። ምንም እንደማትጠቅመው ሁለቱም ያውቃሉ፤ እሱ ግን ለእሷ ሲል ይውጣታል።

እንድሪስ በግንቦት አጋማሽ፣ ወፍጮ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ እንዳስደገፈ ሞተ። ቀትር ነበር።

አጥበው ገነዙት። ወንዶቹ ዶማ ይዘው ወደ መቃብሩ ቦታ ወጡ፤ ዶማውን ከፍ ማድረግ የቻለ ግን ከመካከላቸው አልተገኘም። ገበየሁ ሁለት ጊዜ ሞክሮ እጁ ዛለ፤ ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነበር። ጦይባ ዶማውን ከእጁ ተቀበለችው። ሴት መቃብር አትቆፍርም የሚል ድምፅ አልተሰማም። አያ ይመር ዝቅ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። መሬቱ ደረቅ፣ ድንጋያማ ነበር። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ቆፍራ ጨረሰች። ከጉድጓዱ ወጥታ አፈሩን ስታራግፍ ትንፋሿ አልተቆራረጠም፤ አልደከማትም። ያን ጊዜ ብቻ ነው ነጠላዋን አፏ ውስጥ ያስገባችው።

በሰኔ ወር ድርጅቱ የቦርከናውን ማኅበር ውጤት ለሌሎች ምሳሌ ይሆናል ሲል አስታወቀ። ያው ቅመም በዚያው ወር ይኸው በሽታ ላለባቸው ሌሎች ሦስት ማኅበራት ተላከ።